ደክሟታል፣ ማረፍ ትፈልጋለች

ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኗል። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ስልክ እንኳ በደንብ አይሰማም። «የአእምሮ ተረኛ?» አለችኝ ከድንገተኛ ክፍል የደወለችው ነርስ። «አንዲት አራስ አለች። አትበላም፣ አታወራም። ሕፃኑንም አላይም ብላለች። ቶሎ ናና እያት።»

ጃንጥላ አልያዝኩም ነበር። ጋዋኔን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ግቢውን በሩጫ አቋረጥኩ።

ሰዎቹ እንዳይታወቁ አንዳንዱን ነገር ቀይሬዋለሁ። የሆስፒታሉንም ስም ተዉት። ጥፋቱ የእኔ ነው።

በነገራችን ላይ ዶክተር አይደለሁም። ነርስ ነበርኩ። በኋላ በአእምሮ ጤና ሁለተኛ ዲግሪዬን ሠራሁ። ጅማም ጎንደርም ዩኒቨርሲቲዎቹ ይህን ሙያ ያስተምራሉ። ሕመምተኛ እመረምራለሁ፣ መድኃኒት አዛለሁ፣ አስተኛለሁ። ሲከብደኝ ለሳይካትሪስቱ፣ ለአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሙ፣ እደውላለሁ። በአገራችን የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት የሚማረው ሰው ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። ስለዚህ ክፍለ አገር ላይ፣ በሌሊት፣ የታመመ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ የእኔን ቢጤ ነው። ሕዝቡ «ዶክተር» ይለኛል። ድሮ አርም ነበር። አሁን ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ።

ልጅቱ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ቢሆናት ነው። ሻሿ ርሶ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል። እግሯ ላይ የሰቃ መንገድ ቀይ ጭቃ አለ። አማቷ ወር ተኩል የሆነውን ሕፃን ታቅፈው ቆመዋል። የባሏ ወንድም የካርዱን ወረቀትና የላብራቶሪውን ውጤት በሁለት እጁ ይዟል። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በዚያን ሰዓት ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበር። ሕፃኑ ሲያለቅስ ሁላችንም ዞር አልን። እሷ አልዞረችም።

አማርኛ አትሰማም። እኔ ያደግሁት ደሴ ነው። አፋን ኦሮሞዬ ሰላምታ፣ «ማልቱ ሲ ዱኩባ» የምትለዋ ምንሽን ነው የሚያምሽ፣ ከዚያ ገበያ ላይ ዋጋ መጠየቅ፤ አለቀ። ሁልጊዜ እንደማደርገው በአስታማሚው፣ በባሏ ወንድም፣ በኩል ጠየቅሁ።

ልጁ ጎበዝ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሷል፣ አማርኛው ጥርት ያለ ነው። እንቅልፍ? የለም። ምግብ? የለም። ትኩሳት? አልነበራትም። ጆሮሽ ላይ ድምፅ ይሰማሻል? አይሰማትም። ደሟን አሳየሁ፣ ወባ አሳየሁ፣ ስኳሯን ለካሁ። በዚህ በኩል ደህና ሠራሁ ብዬ ራሴን እያደነቅሁ ነበር። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ የአእምሮ መቃወስ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው የሚነሳው። የእሷ ግን ቀስ ብሎ የገባ ድብርት ይመስላል። ልክ ነበርኩ፤ ድብርት ነበር።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ።

ለወለዱ እናቶች የድብርት መለኪያ የሆነው የኤዲንብራው ቅጽ በ1987 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ ነው። አሥር ጥያቄዎች አሉት። አሥረኛው ራስን ስለ መጉዳት ነው። ለፈተና አጥንቼዋለሁ፣ ለተማሪዎችም አስረድቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ጭንቅላት ውስጥ እንደማይከትም አውቃለሁ። አንዳንድ ነባር ነርሶች «ሰይጣን አታስታውስ» ሲሉኝ እከራከራቸው ነበር።

ያን ምሽት ግን አማቷ አጠገቤ ቆመዋል። ልጁም የባሏ ወንድም ነው። አፌ ላይ ያለውን ቃል አለሳለስኩት። «ተስፋ የመቁረጥ ነገር አላት ወይ በላት» አልኩ።

ልጁ ጠየቃት። መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየች ማውራት ጀመረች። ስትገባ ጀምሮ እንደዚያ አላወራችም። ግማሽ ደቂቃ ይሆናል፣ ምናልባትም ይበልጣል። መሐል ላይ «ቦቆቹን በርባደ» ስትል ሰማሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። አማቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያንንም አይቻለሁ። አይቼ ምን አደረግሁ? ምንም።

ልጁ ጉሮሮውን ጠረገና «ደክሟታል፣ ማረፍ ትፈልጋለች ነው የምትለው» አለኝ።

የግማሽ ደቂቃ ንግግር አምስት ቃል ሆኖ መጣ። እኔ ደግሞ ቻርቱ ላይ፣ በዚያ በሆስፒታል እንግሊዝኛችን፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ የለም ብዬ ጻፍኩ። ከአፋን ኦሮሞ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ። በየኬላው የሆነ ነገር እየተራገፈ እኔ ብዕር ጋ ሲደርስ ባዶ ሆነ። ስለምታጠባ ሰርትራሊን የተባለውን የድብርት መድኃኒት አዘዝኩላት። ለሁለት ሳምንት የሚሆን። መድኃኒቱ ራሱ መሥራት ለመጀመር ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ እሱንም አውቃለሁ። ቀጠሮ ሰጠሁ። «በርቺ በላት» አልኩት።

ዘመድ ቤት ሊያድሩ ነው። ልጁ ባጃጅ ሊፈልግ ወጣ።

እጄን ልታጠብ ስሄድ ኮሪደሩን የሚወለውሉት የጽዳት ሠራተኛ መንገዴ ላይ ቆሙ። በዕድሜ የገፉ ናቸው። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። እሳቸውም እኛን በሥራ ድርሻ አይለዩንም፤ ሁላችንም ልጆቻቸው ነን። ሌላ ጊዜ ቢሆን እርጥቡን ስለ ረገጥኩ ነበር የሚቆጡኝ።

«ልጄ፣ እቺን ልጅ ወደ ቤት ልትሰዳት ነው?»

«አዎ እማማ። መድኃኒት ጽፌላታለሁ።»

መወልወያውን ባልዲው ላይ አስደገፉት። «ማረፍ ያለችውን እንዴት ሰማኸው?»

«ደክሟታል። ሌሊት ሌሊት ሕፃኑ አያስተኛት...»

«እንዴ! ልጄን እናቴ ታሳድገዋለች አለችኮ። እሷ ጋ አድርሱልኝ አለች። እንዲህ ብሎ ማረፍ ምን ዓይነት ማረፍ ነው?»

እንዲህ ሲነግሩህ ምን ተሰማህ ትሉኝ ይሆናል። የበረኪናው ሽታ አፍንጫዬን ሲሰረስረኝ አስታውሳለሁ። ሌላ አላስታውስም።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በአፋን ኦሮሞ ቦቆቹ ማረፍ ነው፤ ሰው ሲሞትም ቦቆቴ ይባላል። እሺ፣ አፋን ኦሮሞ አላውቅም። አማርኛስ? ደሴ እያለሁ አያቴ የሞቱ ቀን በር ላይ የቆመው ሰው «አረፉ» አይደል ያለን? ግቢያችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው ጥቁር ጠርዝ ያለው ወረቀት ምን ይላል? ልጁ የተረጎመልኝ ቃል ልክ ነው። ሁለቱም ትርጉም በራሴ ቋንቋ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር። እኔ ቀለል የሚለውን አነሳሁ። ሰዓቱ ሄዷል፣ ዝናቡ አላባራም፣ ሌላ ሕመምተኛም ታስሮ እየመጣ ነው ተብያለሁ።

በሩ ላይ ደረስኩባቸው። ባጃጁ ሞተሩን አላጠፋም። አንዲት ወረቀት ረስቻለሁ ብዬ መለስኳቸው። ውሸት ነው። ሌላ የሚባል ነገር አልመጣልኝም።

እማማ ያስተርጉሙልኝ ማለት አልፈለግሁም። ሥራቸው አይደለም፣ ልጅቱንም የሰፈር ሰው ፊት ማቆም ይሆናል። ማዋለጃ ክፍል ተረኛ የነበረችውን አዋላጅ ነርስ ለመንኳት። አፋን ኦሮሞ አፏን የፈታችበት ነው። ልጁን ፋርማሲ ላክሁት፣ አማቷን ሕፃኑን ይዘው ሙቀት ያለበት ክፍል እንዲቀመጡ አደረግሁ። አዋላጇ ወንበሯን ስባ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች።

«ምን ልበላት?» አለችኝ።

«ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ በያት። እንዲሁ። ሳታለሳልሺ።»

ጠየቀቻት። ልጅቱ ቀና አለች። ከገባች ጀምሮ የሰው ፊት ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። «ኤዬ» አለች፤ አዎ። ከዚያ እንባዋ ወረደ፣ ከዚያ ወሬው መጣ። አዋላጇ አንድም ሳታስቀር ነገረችኝ። ቀኑን መርጣለች፤ አማቷ ገበያ የሚወጡበት ቀን ነው። በምን እንደሆነም ወስናለች። ገበያው ከነገ ወዲያ ነበር። የእኔ ቀጠሮ በአሥራ አራተኛው ቀን ነው።

ለሳይካትሪስቱ ደወልኩ። «አስተኛት» አለኝ፣ ብዙም አላወራን። ክፍላችን አልጋ አልነበረም፤ ድንገተኛ ክፍል ነርሶቹ ፊት ለፊት ባለው አልጋ አደረች፣ አጠገቧ ሰው ሳይለይ። ለባሏም በስልክ ነገርነው። እሱም ለጎረቤት ደውሎ፣ ከጎተራው ሥር የነበረውን የአረም መድኃኒት በዚያው ሌሊት ከቤቱ አስወጣ። ቻርቱ ላይ የጻፍኩትን በአንድ መስመር ሰረዝኩ፣ ሰዓቱን ጽፌ ፈረምኩበት። ማጥፋት አይፈቀድም፤ የተሰረዘው መነበብ አለበት። አሁንም ይነበባል።

ልጁ ከፋርማሲ ሲመለስ ነገሩ ገብቶታል። እቆጣዋለሁ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ኮሪደሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ ራሱን ያዘ።

«ዶክተር፣ የወንድሜ ሚስት ናት። እናቴ ቆማለች። እንዲህ ያለ ነገር በእኔ አፍ እንዴት ይውጣ? ደግሞ ለፖሊስ ትናገራላችሁ፣ ልጁን ትወስዱባታላችሁ ብዬ...»

ፖሊስም እንደማይጠራ፣ ልጁንም ማንም እንደማይወስድ ነገርኩት። ይህን መንገር የነበረብኝ ከጥያቄው በፊት ነው። አንድ የሃያ ዓመት ልጅ የምራቱን የሞት ሐሳብ እናቱ ፊት ጮክ ብሎ እንዲናገር አዝዤ፣ ሲያቅተው አልዋሽም ብሎ ያገኛትን አንዲት ቃል አቀበለኝ። ልውቀሰው?

አሥራ ሁለት ቀን ተኝታ ወጣች። በአራተኛው ቀን መብላት ጀመረች። ሕፃኑን ለማቀፍ ግን ከዚያ በላይ ፈጀባት። የገዛ እናቷ መጥተው አጠገቧ ማደር ከጀመሩ በኋላ ነው የተቀበለችው። መድኃኒቱ ይሁን እናቷ ብትሉኝ፣ እኔ እናቷን ነው የምለው፤ ሳይካትሪስቱ ይስቅብኛል።

አዋላጇ አንዷን ጥያቄ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ በግዕዝ ፊደል ጻፈችልኝ፦ «ኦፍ አጄሱ ያዴ ቤክታ?» አነጋገሬ ያስቃል መሰለኝ፣ አንድ አዛውንት ሕመምተኛ በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ ሆነው ፈገግ ብለውብኛል። ግን መልስ ሰጡኝ። መልሱን የሚነግረኝን ሰው አሁን ከቤተሰቡ ውጭ እፈልጋለሁ። ሁልጊዜ አይገኝም። ሳይገኝ ሲቀር ደግሞ አስታማሚውን «እሷ ያወራችውን ያህል አውራልኝ» እለዋለሁ። ይገርማቸዋል። አንዳንዶቹ ይናደዳሉ።

ለቀጠሮዋ በመጣች ቀን የባሏ ወንድምም አብሮ መጥቶ ነበር። አዋላጇ ቀድማኝ ገብታለች። ወንበር አቅርቤለት «ተቀመጥ» አልኩት። አልተቀመጠም። ሕፃኑን ከእቅፏ ተቀብሎ፣ ፎጣውን በእግሩ ላይ አስተካክሎ፣ በሩን በክርኑ ገፋ አድርጎ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።