«21 ካራት ይሁን» ያልኩ ዕለት

አልማዝ የሚባሉ ሦስት ሴቶች አውቃለሁ፤ ድንጋዩን ግን እስከ ጥር ድረስ በቅርብ አይቼው አላውቅም ነበር። ኦፓል፣ ያንን በቀለሙ የሚወደድ የከበረ ድንጋይ፣ አብረን የምንሰበስብ ወዳጆቼ ታውቁኛላችሁ፣ የወሎው የወገልጤና ድንጋይ መጣ ከተባለ እንቅልፍ አይወስደኝም። አልማዝ ግን የሌላ ሰው ነገር ይመስለኝ ነበር። ቀለበት የማስርበት ቀን ሲቆረጥ ነው የገባሁበት። ይኸው ስድስት ወር ሆነኝ፣ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

እህቴ ዱባይ ነው የምትሠራው። «ድንጋዩን እዚህ ልፈልግልህ፣ ስንት ካራት ይሁን?» ስትለኝ ሳላቅማማ «21 ካራት ይሁን» አልኳት። ሳቋ አላልቅ አለ። እኔ የማስበው ወርቁን ነበር፤ እኛ ጋ ካራት ሲባል 18፣ 21፣ 24 ነው፣ የወርቅ ንጥረት። የአልማዙ ካራት ለካ ክብደት ኖሯል፦ አንዱ 0.2 ግራም፣ አምስቱ ተደምረው አንድ ግራም። 21 ካራት ያለው ደህና አልማዝ ለመግዛት የምኖርበትን የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከነጎረቤቶቼ ብሸጠው የሚበቃኝ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ መማር ጀመርኩ፣ በተሳሳተው በር ገብቼ። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ገዛሁና የውስጥ ጥራት ደረጃዎቹን እንደ ፊደል ገበታ ሸመደድኩ፤ ምንም ጉድፍ የሌለበት ከላይ፣ ከዚያ ቪቪኤስ፣ ቪኤስ፣ ኤስአይ፣ መጨረሻ ላይ አይ። ሁለት ወር ሙሉ «ከቪቪኤስ በታች አልነካም» እያልኩ እህቴን አሰለቸኋት። ደረጃው የሚሰጠው ግን በዚያው አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ታይቶ ነው። የነገዋ ሚስቴ ቡና ስታቀርብ ጣቷን በመነጽር የሚያይ እንግዳ ከመጣ፣ እንግዳው ነው ችግር ያለበት። ቪኤስ 2 ውስጥ ያለውን ጉድፍ በባዶ ዓይን ማግኘት ከባድ ነው። ኤስአይ 1ም ቢሆን ጉድፉ ጥቁር ሆኖ መሃሉ ላይ ካልተጎለተ ብዙ ጊዜ ያልፋል።

ቀለሙ ለእኛ ለኦፓል ሰዎች የተገላቢጦሽ ነው፤ እዚያ የምናሳድደውን እዚህ እንሸሻለን። ደረጃው ከዲ ተነሥቶ እስከ ዜድ ይወርዳል፣ በወረደ ቁጥር ቢጫነቱ ይጎላል። ከኤ ያልጀመረው ነጋዴው ኤ፣ ቢ፣ ሲን ቀድሞ በየፊናው ይጠቀምባቸው ስለነበር ነው፤ ጂአይኤ የሚባለው የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም የራሱን መለኪያ ሲያወጣ ከዚያ ግርግር ለመራቅ ከዲ ጀመረ።

ቃሊቲ የሚሠራ ወርቅ ሠሪ ወዳጄ ከአሮጌ ቀለበቶች የነቀላቸውን ሁለት ጥቃቅን አልማዞች ለልምምድ አዋሰኝ። ቀለም ለማየት ድንጋዩ በሰፊው ገጹ ነጭ ወረቀት ላይ ተደፍቶ ከጎን ነው የሚታየው። ተደፉ፣ አየኋቸው፣ ሁለቱም ቢጫ ናቸው! አዘንኩ። ኋላ ሳስተውል የለበስኩት ቢጫ ሹራብ ነው። አውልቄ ባይ አንዷ እንደ ውሃ፣ አንዷ እንደ ቀጭን ሻይ።

የብርሃኑም ነገር አለ። ምክሩ «የሰሜን መስኮት ተጠቀም፣ ቀጥተኛ ፀሐይ አይገባበትም» ነው። ይህን ያለው ሰው እኛ አገር አልኖረም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። የኔ ማድ ቤት መስኮት ወደ ሰሜን ነው፤ ሰኔ ላይ ደመናው ገለጥ ሲል ፀሐዩ ወረቀቴ ላይ ተዘረፈጠ። ስለዚህ በክረምት ደመናው እስኪሸፍን እጠብቃለሁ፣ እሱ ደግሞ እኛ ሰፈር አያስጠብቅም።

የተሞኘሁበትንም ልንገራችሁ። ለልምምድ ብዬ አንዲት ልቅ ድንጋይ «አልማዝ ናት» ተብላ ገዛሁ፣ ለአልማዝ በማይሆን ዋጋ፤ ዋጋው ራሱ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ስፋቷ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው። በደንብ የተቆረጠ ክብ አልማዝ በዚህ ስፋት አንድ ካራት ገደማ ይመዝናል። ወዳጄ ሚዛን ላይ ሲያስቀምጣት 1.7 ካራት! ኩቢክ ዚርኮኒያ የሚሏት ሰው ሠራሽ አልማዝ መሳይ ናት፤ እኩል መጠን ካለው አልማዝ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ትከብዳለች። አሁን የመስኮቴ ጌጥ ሆናለች።

የገዛ ዓይኔን የቀየረው ግን አቆራረጡ ነው። አንድ አልማዝ ብርሃኑን ከላይ ተቀብሎ፣ ከታች ካለው ሾጣጣ ግድግዳ ሁለቴ አንጥሮ ወደ ዓይናችሁ መመለስ አለበት። ከአልማዝ ቆራጮች ቤተሰብ የተገኘው መሐንዲስ ማርሴል ቶልኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1919 ሒሳቡን ሠርቶ የታችኛው ግድግዳ 40.75፣ የላይኛው 34.5 ዲግሪ ገደማ ቢያዘነብል እንደሚሻል አሳየ። ታችኛው ከመጠን በላይ ከጠለቀ ብርሃኑ ከሥሩ እንደተሰነጠቀ እንስራ ውሃ በጎን ያመልጥና መሃሉ ይጠቁራል፤ ከመጠን በላይ ከሳሳ ደግሞ የወገቡ (ላይኛውና ታችኛው ግድግዳ የሚገናኙበት ጠርዝ) ነጸብራቅ በሰፊው ገጽ ውስጥ እንደ ዓሣ ዓይን ነጭ ቀለበት ሆኖ ይታያል። ታዲያ ቆራጩ ይህን እያወቀ ለምን ያበላሸዋል? ዋጋው 0.50 ካራት ላይ፣ 1.00 ካራት ላይ ዘሎ ስለሚወጣ ነዋ። ያቺን ቁጥር ላለማጣት ወገቡን ያወፍረዋል፣ ሆዱን ያወርደዋል። ክብደቱን ትከፍላላችሁ፣ ስፋቱን አታገኙትም።

ይህንን በወረቀት አንብቤው ነበር፤ የገባኝ እህቴ የሁለት ድንጋይ ልክ ስትልክልኝ ነው። አንደኛው 0.50 ካራት፣ ስፋቱ 4.97 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱ የስፋቱ 65.5 በመቶ። ሁለተኛው 0.46 ካራት፣ ስፋቱ 5.00 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱ 60.6 በመቶ። ደግማችሁ እዩት፤ ቀላሉ ከከባዱ ይሰፋል! የሁለተኛው የምስክር ወረቀት አቆራረጡን ከፍተኛው ደረጃ ላይ ያስቀምጠዋል። ጂአይኤ የአቆራረጥ ደረጃ መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፣ ያውም ለክቡ ብቻ፤ ሞላላና አራት ማዕዘን የምትወዱ በዓይናችሁ መፍረድ ይኖርባችኋል።

እህቴን «ከሱቁ መብራት አውጥተሽ በር ላይ ቅረጪልኝ» አልኳት፤ በሱቅ መብራት የጠርሙስ ስባሪም ያበራል። ሁለቱን ቪዲዮ ለእጮኛዬ ምንም ሳልነግራት አሳየኋት። ሁለተኛው ላይ ጣቷን አስቀምጣ «ይኼኛው ይስቃል» አለች። ስድስት ወር የለፋሁበትን በአንድ ቃል ጨረሰችው።

በላቦራቶሪ የበቀለውም ቀርቦልን ነበር። አልማዝነቱ እውነተኛ ነው፣ ካርቦን ነው፣ በርካሽ ዋጋ ሦስት እጥፍ የሚከብድ እናገኝ ነበር። እጮኛዬ «ትንሽ ይሁን፣ ከመሬት የወጣ ይሁን» አለች፣ እኔም አልተከራከርኩም፤ ሌላው ቢመርጥ ግን አልፈርድበትም። ኤች ቀለም፣ ቪኤስ 2፣ 0.46 ካራት ተስማማን። በቢጫ ወርቅ ላይ ስለሚቀመጥ ለዲ ቀለም መክፈል ገንዘብ መድፋት ነበር። እህቴ ወገቡ ላይ በሌዘር የተጻፈውን ቁጥር በማጉያ አይታ ከወረቀቱ ጋር አመሳክራለች፤ ይህን ሳታዩ አትክፈሉ።

አንድ ነገር ከብዶኛል። አልማዝ ከሚባሉት ከሦስቱ ሴቶች አንዷ ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ ነፍሱን ይማረውና ከውጭ ያመጣላትን ቀለበት «እስቲ በዚያ መነጽርህ እይልኝ» ብላ ሰጠችኝ። የወዳጄ መሞከሪያ ብዕር አልማዝ ነው ብሎ ጮኸ። ብዕሩ ግን የሚለካው ሙቀት ማስተላለፉን ነው፣ ሞይሳናይት የሚባለው አልማዝ መሳይ ድንጋይም ያስጮኸዋል። ዘንበል አድርጌ በጎን ሳየው የታችኛው ገጾች መስመር ሁለት ሁለት ሆኖ ታየኝ፤ አልማዝ መስመሩን ሁለት አድርጎ አያሳይም፣ ሞይሳናይት ነው። «እትዬ፣ በጣም ያበራል» አልኳት። አልዋሸሁም፣ ሞይሳናይት ከአልማዝ ይበልጥ ቀስተ ደመና ይረጫል።

ባለፈው እሑድ ለልጅ ልጇ ክርስትና ቀለበቱን እጠብልኝ ብላ ላከችው። ፀጉሯን ቅቤ ስትቀባ አታወልቀውም፣ ሥሩ ድፍን ብሏል። እውነተኛው አልማዝም ስብ ይወዳል፣ በማዕድን ማውጫዎች ድንጋዩን ከጠጠር የሚለዩት ስብ የተቀባ ጠረጴዛ ላይ እያጣበቁት ነበር። ለብ ባለ ውሃ፣ በጥቂት ላርጎና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ከሥሩ ጀምሬ አሸሁት (ኦፓላችሁን እንዲህ እንዳትዘፈዝፉ፣ የወሎው ውሃ ይጠጣል)። ካደረቅኩት በኋላ አንዴ በመነጽር አየሁት። መስመሩ አሁንም ሁለት ሁለት ነው። በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ወረድኩና ሰጠኋት፣ እሷም እጇን በፀሐዩ ላይ ዘርግታ ለሴቶቹ ሁሉ አሳየቻቸው።