ከሳን ኩዌንቲን የሚሰማ ድምፅ

ስለ እስረኞች ብዙ ይነገራል፤ እስረኛው ራሱ ሲናገር የምንሰማው ግን እምብዛም ነው። በካሊፎርኒያው ሳን ኩዌንቲን ወህኒ ቤት የተጀመረውን «ኢር ሀስል» የተሰኘ ፖድካስት የምወደው ለዚህ ነው። ታራሚዎቹ ኧርሎን ዉድስና አንትዋን ዊሊያምስ በፈቃደኝነት ታገለግል ከነበረችው የፎቶግራፍ ባለሙያ ናይጀል ፑር ጋር ሆነው በ2017 እ.ኤ.አ. ያስጀመሩት ይህ ዝግጅት፣ ወንጀልን ብቻ ከመተረክ ይልቅ ጠባብ ክፍል ከሌላ ሰው ጋር መጋራት ወይም ከእስር ቤት ሆኖ ልጅን ማሳደግ ምን እንደሚመስል ያወጋል።

ይበልጥ የሚገርመኝ አሠራሩ ነው። እያንዳንዱ የፖድካስቱ ክፍል ከመሰራጨቱ በፊት የወህኒ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ አድምጦ ሊፈቅደው ይገባል፤ ስለዚህ ሳዳምጥ ሳይነገር የቀረው ምን ይሆን ማለቴ አይቀርም። ቢሆንም ጥያቄውን የሚመርጠውም ሆነ ድምፁን በማቀናበር የሚሳተፈው ታራሚው ራሱ መሆኑ፣ አንድ ጋዜጠኛ ለሰዓታት ገብቶ ይዞት የሚወጣው ቃለ መጠይቅ የማይተካው ነገር ነው። ከ31 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት የነበረው ዉድስ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የወቅቱ የካሊፎርኒያ አገረ ገዢ ጄሪ ብራውን ቅጣቱን ስላቀለሉለት ተፈትቶ፣ ዝግጅቱን ከውጭ ሆኖ ማቅረቡን ቀጥሏል።