አምባሰል ነው ተብሎ የተቀረጸው

ያ ዘፈን ደሴ ውስጥ በየሰርጉ ይከፈታል። በተከፈተ ቁጥር ከወንበሬ እነሳለሁ፤ ለጭፈራ አይደለም፣ አዝማቹ ሲያልቅ ቤዙ የሚያርፍባትን ድምፅ ላለመስማት ነው። የቀረጽኩት ደግሞ ራሴ ነኝ።

ዘፋኟ ልጅ ዜማውን ያገኘችው ከኮምቦልቻ ስትመለስ፣ ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ ነው። በስልኳ ቀድታ አመጣችልኝ። ሞተሩ ያጓራል፣ መሀል ላይ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ይላል፣ እሷ ከስር ታንጎራጉራለች። ግጥሙ ገና አንድ ሁለት ስንኝ ነበር፤ የቀረውን «ላላላ» ሞልቶታል። ቅኝቱ፣ ማለትም ዜማው የተሠራበት የድምፆች ስብስብ፣ ግን ያልተበረዘ አምባሰል ነው። ስንኙን ስትጨርስ ከማረፊያዋ በላይ ካለችው ግማሽ ድምፅ ተንሸራትታ ቁጭ ትላለች። ያቺን መንሸራተት የሰማ ወሎዬ አምባሰል ለማለት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም።

«ላላላ»ውን በቃል መተካቱ ነው ያለፋን። አንዱን ስንኝ «ልብህ» ብላ ጨረሰችው፤ አልንሸራተት አለ። ስንኙ ሲዘጋ ድምፁ የሚጎተትበት ያጣል። እኔ ጎረቤት ሻይ ጠጥቼ ስመለስ «ልብህማ» አድርጋው አገኘኋት፤ በቃ፣ መንገዱ ተከፈተ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ግጥም እንጽፋለን፣ ሲያባራ እንቀርጻለን። የነሐሴ ደሴ እንደዚያ ነው የሚያሠራው።

ወጪውን የሸፈነው የኮምቦልቻ ነጋዴ አቀናባሪ ከአዲስ አበባ አስመጣ። ሙያውን አልነፍገውም። ጣቱ ፈጣን ነው፣ ተምሯል፣ መማሩንም እንድንረሳው አይፈልግም። ማሲንቆውን የያዙት ጋሼ ደግሞ የውጫሌ ሰው ናቸው። ውጫሌ ያለው አምባሰል ወረዳ ውስጥ ነው፤ ሰውዬው ቅኝቱን ከየት አመጡት ብሎ የሚጠይቅ ካለ ይኼው።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። በፈረንጅ ኖታ አምባሰል ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። ሌላውን ቅኝት፣ ትዝታ ማይነርን፣ ከኤፍ ብትጀምረው ያው አምስቱ ቁልፎች ናቸው፤ የሚለየው ማረፊያው ነው። ለአቀናባሪ ደግሞ ሲ ላይ ማረፍ አይመቸውም። ኮርዱን፣ አብረው የሚመቱትን ድምፆች፣ ሜጀር የሚያደርገው ኢ የለም፣ ማይነር የሚያደርገው ኢ ፍላትም የለም። ኤፍ ማይነር ግን ሦስቱም ድምፅ ሞልቶለት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ እሱም ዜማውን እዚያ አሳረፈው። ይባስ ብሎ ሲ ላይ የተቃኘው የማሲንቆው ጭራ ከኤፍ ማይነር ጋር ጥሩ አድርጎ ይስማማል። ስለዚህ ጥፋቱ ጆሮ ላይ ይጣፍጣል።

ጋሼ ደጋናቸውን ዕጣን አሽተው ጀመሩ። የመጀመሪያው ስንኝ መጨረሻ ላይ ቆሙ። እንደገና ለቀቅኩላቸው፤ እዚያው ቦታ ቆሙ።

«ምን ሆኑ አባባ? ሄድፎኑ አልተመቸዎትም?» አለ አቀናባሪው።

«ተመችቶኛል።»

«ታዲያ?»

«እኔ እደርሳለሁ፤ እናንተ ታልፋላችሁ።»

አቀናባሪው ወንበሩን አዙሮ ማስረዳት ጀመረ። ኖታው አንድ ነው፣ እርስዎ የሚጫወቱት ሁሉ እኔ ጋ አለ፣ አንድም የወጣ ድምፅ የለም። «ወጣ አላልኩም» አሉ ጋሼ፣ ሄድፎኑን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ እያስቀመጡ። ወደ ልጅቷ ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ እስቲ ያለ መኪናው በይው።»

መኪና ያሉት ኪቦርዱን ነው።

ያለ ክሊክ፣ ያለዚያ ምት ጠባቂ ድምፅ፣ ያለ ምንም፣ ማሲንቆ ብቻ ከስሯ እየተከተላት ዘፈነች። «ልብህማ» ላይ ተንሸራትታ ገባች። «የት ነው ያረፍሽ?» አሏት፤ ጭራውን አንዴ ነካ አድርገው «እዚህ አይደል?» እሷም «እዚህ» አለች። ከዚያ አቀናባሪውን ኮርዱን እንዲይዝላት ጠየቁት። ኤፍ ማይነሩን ያዘ፣ ያንኑ ስንኝ ደገመችው፣ ያቺው ድምፅ ላይ ደረሰች።

«አሁንስ?»

ትንሽ አሰበች። «አሁን ያላለቀ ይመስላል። የሚቀረኝ ነገር አለ።»

«እኔም ያልኩት ይኼንኑ ነው» አሉ ጋሼ።

እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አቀናባሪው ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? «አለማለቁ እኮ ነው ውበቱ!»

እስከ ዛሬ የሚያበሳጨኝ ይኼ መልስ ነው፤ መጥፎ መልስ ስላልሆነ። ልጅቷ እንኳ ፊቷ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ሲል አይቻለሁ። የሕዝብ ዜማ ወስዶ ሌላ ቦታ ማሳረፍ ሙዚቀኛ ሁሉ የሚያደርገው ነው። እንዲያ ከሆነ ግን ትዝታ ነው ብሎ ማውጣት ነበረበት። «የአምባሰል ሪትም ጨምሬበታለሁ» ሲል ደግሞ ጭራሽ ሳቄ መጣ፤ ቅኝትና ምት ምን አገናኛቸው?

አዛን ሲል ቀረጻ አቆምን። በዚያ መሀል ነጋዴው ደወለ፣ ጭቅጭቁን ነገርነው፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ «የትኛው ነው የሚያስጨፍረው?» ክርክሩ በዚህ ተዘጋ። ጋሼ ሄድፎናቸውን መልሰው አጥልቀው የታዘዙትን አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ተጫወቱ። የውጫሌ ሰው ስለሆኑ ግን ከመሄዳቸው በፊት ውሉን ሁለቴ አስነበቡኝ።

ዘፈኑ ዩቲዩብ ላይ «አዲስ አምባሰል» ተብሎ ወጣ። ተወደደ። ከስር «አምባሰል ማለት እንዲህ ነው!» ብለው የሚጽፉ አሉ፣ ብዙ ናቸው። ያለ ክሊክ የተቀረጸችው እኔ ዲስክ ላይ አለች፤ ያኔ ቀረጻውን ስላላቆምኩት ነው የተረፈችው። ለነጋዴው አሰማሁት፤ «ይቺ ገና ልምምድ ላይ ናት?» አለኝ።

ቆይቶ ሆጤ አንድ ሰርግ ላይ ጋሼን አገኘኋቸው። ሙሽሮቹ ያንን ዘፈን አዘው ነበር። ኪቦርዲስቱ ኤፍ ላይ ሲያርፍ እሳቸውም ማሲንቯቸውን ይዘው አብረውት ኤፍ ላይ ከች አሉ፣ ያውም ፈገግ ብለው። ሲጨርሱ ሄጄ ያዝኳቸው።

«ጋሼ፣ እናንተ ታልፋላችሁ ያሉት ምን ሆነ?»

«ስቱዲዮ እኮ ጠይቃችሁኝ ነው። እዚህ ማን ጠየቀኝ?» አሉና ግንባራቸው ላይ የተለጠፈውን ብር ላጥ አድርገው ኪሳቸው ከተቱ።

ባለፈው አቀናባሪው ደወለልኝ። ሌላ ሥራ ይዟል፣ «አሪፍ አምባሰል ነው፣ ሽማግሌውን አምጣልኝ» አለ። ለጋሼ ነገርኳቸው። ከዚያ ልጅ ጋ ከሆነ ዋጋው እጥፍ ነው አሉ፤ ግማሹ ለመጫወት፣ ግማሹ ዝም ለማለት። ቃል በቃል አደረስኩለት። አልተከራከረም፤ ሁለቱንም ከፈለ።