አርብ ቀን በጋዚያንቴፕ

ከኢስታንቡል በአውቶቡስ ሌሊቱን ሙሉ ተጉዤ የቱርኳ ጋዚያንቴፕ የደረስኩት አርብ ጠዋት ነው። ከኋላዬ የተቀመጠው ሰው ስልኩን ከፍቶ ሲያዳምጥ ስላደረ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ከመናኸሪያው ወደ ሆቴሌ የወሰደኝ ባለ ታክሲ ደግሞ 600 ሊራ ተቀበለኝ። ግማሹ ይበቃው እንደነበር የሰማሁት ከወረድኩ በኋላ ነው፤ ደሜ ፈላ።

ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. በምግብ ጥበቧ ከፈጠራ ከተሞች ተርታ ያሰለፋት ከተማ በጾም ቀን ተቀበለችኝ። አንቴፖች፣ የከተማዋ ሰዎች፣ በማለዳ ቤይራን ይጠጣሉ፤ የበግ ሥጋ፣ ሩዝ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ በርበሬ ያለበት የሚንተከተክ መረቅ ነው። በፒስታቺዮና በወተት ክሬም የሚሞላው ስስ ቂጣ፣ ካትመር፣ እርሱም ፍስክ ነው። መንገደኛ ነኝ ብዬ ልገድፍ እችል ነበር፤ አልፈለግኩም።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት በመዳብ አንጥረኞች ገበያ ስዞር ቆየሁ። በየሱቁ ደጃፍ የደረቀ ቃሪያና ደበርጃን በክር ተሰክቶ ተንጠልጥሏል። ቀልቤን የወሰደው ግን የጎረቤቷ ከተማ የኡርፋ ቃሪያ፣ ኢሶት፣ ነው። ቃሪያውን ቀን ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፣ ማታ ሸፍነው እንዲያልበው ያደርጉታል፤ ወደ ጥቁር የሚያደላው ለዚህ ነው። ቆንጥሬ ስቀምሰው መጀመሪያ ጭስ፣ ቀጥሎ ዘቢብ ዘቢብ አለኝ፤ ማቃጠሉ የመጣው ዘግይቶ ነው። እኛ በርበሬ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ካልገባው ጎደለ እንላለን። ይህ ከጨውና ከዘይት በቀር ምንም አልገባበትም፤ የጎደለውም ነገር የለም።

ከገበያው ጀርባ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገብቼ በስልኬ ተርጓሚ ጾመኛ መሆኔን ነገርኩ። ባለቤቷ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት፣ ግራ ተጋቡ፤ ለእርሳቸው ጾም ማለት ፀሐይ እስክትጠልቅ ውኃም አለመቅመስ ነውና። ሥጋ፣ ቅቤና እርጎ እንደማልበላ ስዘረዝርላቸው ሳቁ፣ እጄን ይዘውም ወጥ ቤት አስገቡኝ። “ኪዚም” ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔም “ቴይዜ” አልኳቸው፣ አክስቴ እንደማለት።

የተቀቀለው ቀይ ምስር እንደጋለ ደቃቅ ቡልጉር ነሰነሱበትና ከደኑት። ቡልጉር እንደ ቂንጬ የተከካ ስንዴ ነው፤ ግን ቀድሞ ተቀቅሎ የደረቀ ስለሆነ በምስሩ ሙቀት ብቻ ይለሰልሳል። የተቁላላ ሽንኩርት፣ የቃሪያ ድልህና ከሙን ጨምረው በእጃቸው አሹት። ከዚያ ቆንጠር አድርገው ጨበጡት፤ የአራት ጣቶቻቸው ምልክት ቀረበት። በሰላጣ ቅጠል ጠቅልለው በእጃቸው አጎረሱኝ። ከአገሬ ከወጣሁ ያጎረሰኝ ሰው አልነበረም፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

በዘይት የተሠራውን የወይን ቅጠል ጥቅልል፣ ሥጋ ስለሌለበት፣ “ያላንጂ” ይሉታል፤ ውሸታም ማለት ነው። ስሙ ቅር አሰኘኝ። ሽሮን ውሸታም ወጥ የሚለው ማን ነው? ሩዙ በሮማን ድብስ፣ ፈልቶ በወፈረ የሮማን ጭማቂ፣ ኮምጠጥ ብሎ ከሥጋው ዶልማ የሚያንስበት ነገር የለም።

ስነሣ ያጠናሁትን “ኤሊኒዜ ሳሊክ” አልኳቸው፤ ለእጅዎ ጤና። እናቴ ሰው ቤት በልታ ስትነሣ “እጅሽን ቁርጥማት አይንካው” የምትለው ነው። የምስሩን 120 ሊራ ተቀብለው የዶልማውን እንቢ አሉ። ቡናቸው ብቻ አላረካኝም፤ አንድ ስኒ ተጠጥቶ ያበቃል፣ ቶና የለ፣ በረካ የለ።

ቅዳሜ ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ቤይራን ቤት ወረፋ ይዤ ነበር።