ሽሮ የመሰለው ሳሎን

በሁዳዴ መግቢያ ላይ እኔና ባለቤቴ ለፋሲካ ሁለት ነገር ለማድረስ ተስማማን። እኔ ሳሎኑን ላስቀባ፣ እሷ ደግሞ ከሳሎኑ መስኮት ፊት ለፊት ያለችውንና እስከዚያን ጊዜ ከዶሮ መጫሪያነት ያላለፈችውን ቁራሽ መሬት የአትክልት ቦታ ልታደርጋት። ሥራውን የተከፋፈልነው እንዳንጨቃጨቅ ነበር።

የእኔ ድርሻ በስሌት ተጀመረ። ሳሎናችን 4 በ5 ሜትር፣ ከፍታውም 2.80 ነው፤ በርና መስኮቱ ሲቀነስ 44 ካሬ ሜትር ገደማ ግድግዳ ይቀራል። አንድ ሊትር የውሃ ቀለም አንድ እጅ ሲቀባ 10 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚሸፍን፣ ለሁለት እጅ 9 ሊትር ይበቃል ብዬ ባለ 4 ሊትር ሦስት ጋሎን ልገዛ መርካቶ ወረድኩ። መልክ መምረጡ ግን በስሌት የሚሆን አልነበረም። ሻጩ በዘረጋልኝ ካታሎግ ውስጥ ክሬም የሚባለው ብቻ አሥራ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ከክብሪት ቀፎ አይበልጥም። ከብዙ ማመንታት በኋላ ወተት ውስጥ ማር ጠብ ያለበት የሚመስለውን መረጥኩ።

ባለቤቴ በበኩሏ 15 ማዳበሪያ ቀይ አፈርና 5 ማዳበሪያ ፋንድያ አስመጥታ ከመስኮቱ ሥር አስከመረች። ትኩስ ፋንድያ የተክል ሥር ስለሚያቃጥል መብሰል ነበረበት፤ የበልጉ ዝናብም እንዳያጥበው ሰፊ ብርቱካናማ ሸራ አለበሰችው። ስለ ጠረኑ ምንም አልናገርም፤ በጾም ምላስንም መግታት ያስፈልጋል።

ቀቢው ግድግዳውን ፋቀ፣ ስቱኮ መታ፣ በሻካራ ወረቀት አለሰለሰ፤ የመጀመሪያውን እጅም ቀብቶ ሄደ። በማግስቱ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ወደ ሳሎን ስገባ ግድግዳው ሽሮ ሆኖ ጠበቀኝ። ነጭ ሽሮ እንኳ አልነበረም፤ በርበሬው የበዛ፣ ሦስት ሳምንት በተከታታይ የበላሁት ምጥን ሽሮ ነበር። ወዲያው ደወልኩለት። ሌላ ሥራ ላይ ስለነበር የመጣው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሲሆን፣ አምፖሉን ሲያበራ ማርና ወተቱ ቁልጭ ብሎ ታየ።

«ጋሼ፣ ክሬም እኮ ነው» አለኝ በትሕትና። «ጾሙ ዓይንዎን ይዞት እንዳይሆን።»

ሁለተኛው እጅ ተቀባ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሳየው አሁንም ሽሮ ነው። ያልተቀባው ኮርኒስ ሳይቀር ቀላ ብሎ መታየቱ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ቀቢው ሩሎውን አርከፍክፎበት ነው ብዬ ሌላ ክስ ጨመርኩበት። በመጨረሻም አንድ ጋሎን ከማለዳ ገዝቼ፣ ዓይኔ እያየ በቀን ብርሃን ካልሠራ ክፍያ እንደማይኖር ነገርኩት፤ ቅላቱን እንዲያጠፋልኝም ሰማያዊ ማቅለሚያ እንዲጨምርበት አዘዝኩት። ልጁ «ኋላ እንዳይቆጭዎት» እያለ ከትንሿ ጠርሙስ ጠብ ያደርጋል፤ ግድግዳው ጥግ ላይ ይሞክራል፤ እኔም እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ «ጨምር» እላለሁ። ሰባት ሰዓት ገደማ ላይ የመረጥኩት መልክ መጣ። አስቀባሁ፣ ሒሳቡን ከፈልኩ፤ ለባለቤቴም ሠራተኛ ካልተቆጣጠሩት እንደማይሆን አስረዳኋት።

በሆሳዕና ሳምንት ፋንድያው በሰለ። ባለቤቴ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ ፋንድያና አንድ እጅ አሸዋ ልታዋህድ ረፋዱ ላይ ወጣች፤ እኔ ሳሎን ተቀምጬ ቡና እጠጣለሁ። ሸራውን ከላዩ ላይ ስትገፈው፣ ስኒው ከአፌ ሳይወርድ፣ ግድግዳው ፊቴ ላይ የደረቀ ጌሾ መሰለ። ጮኼ ጠራኋት፤ በድንጋጤ ሸራውን መልሳ ጣለችው፤ ግድግዳውም ወደ ክሬምነቱ ተመለሰ። ገለጠችው፣ ጌሾ። ሸፈነችው፣ ክሬም። ለካስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ሸራውን ስትመታው፣ ብርሃኑ ብርቱካናማ ሆኖ በመስኮቱ ወደ ኮርኒሱና ወደ ግድግዳው ሲረጭ ኖሯል። ሦስተኛ ጊዜ ስትገልጠው እያወቀች ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማዳበሪያው ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ቀቢው ዘንድ ደውዬ ይቅርታ ልጠይቅ አሰብኩና፣ መሳቁ ስለማይቀር ተውኩት።

ጽጌረዳውና የጥብስ ቅጠሉ ተተከሉ፤ ከፋሲካ በፊት ዳግም ለማስቀባት ግን ጊዜም ገንዘብም አልነበረንም። ስለዚህ አማቴ በዓሉን ሊውሉ ሲመጡ፣ ሸራውን ከመስኮቱ ሥር ባለው መተላለፊያ ላይ ዘርግቼ አራቱን ጠርዝ በድንጋይ አስያዝኩት። ሳሎኑን አይተው መረቁን። ሲወጡ ግን ሸራው አጠገብ ቆም አሉ።

«ልጄ፣ በርበሬ ልታሰጡ ነው?»

«አዎ፣ እማማ» አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት አምስት ኪሎ ዛላ በርበሬ አሸክመው መጡና በገዛ እጃቸው ሸራው ላይ አሰጡልን። ጾሙ መፈታቱን የሰማ ይመስል፣ ግድግዳው በዚያን ቀን የዶሮ ወጥ መልክ ያዘ።