ማገጤን በዩሪያ ያጠፋሁት እኔው ነኝ

ደብረ ብርሃን አጠገብ ባለችው የግጦሽ መሬቴ ላይ ሐምራዊው የማገጥ አበባ ሳይታይ ሁለት መስከረም አለፈ። መስከረም ሲነሳ ሁሉም ስለ አደይ ያወራል፤ ላም ያለው ሰው ዓይን ግን ከሣሩ ጋር የሚበቅለውን መኖ፣ ማገጥን፣ ነው የሚፈልገው።

መሬቱን ማጠር፣ ውኃ የሚተኛበትን ጥግ ማጠንፈፍ፣ እሾኽ መንቀል ቀላል ነበር። ነገር የተበላሸው ሐምሌ ላይ ነው። ሣሩ ወጥ አልነበረም፤ ማገጡ በበዛበት አካባቢ ጠቆር ብሎ ይለመልማል፣ ራቅ ሲል ይገረጣል። የግብርና ባለሙያው «ዩሪያ ጨምርበት፣ እኩል ይሆንልሃል» አለኝ። እኩልስ ሆነ! አንድ ሙሉ ከረጢት፣ 50 ኪሎ፣ በእጄ በተንሁ። ሣሩ ከጉልበቴ በላይ ቆመ፤ ጎረቤት እየጠራሁ አሳየሁ። ጎንበስ ብዬ ሣሩን ብገልጥ ኖሮ ከሥር ማገጡ በጥላ ታፍኖ ቢጫ ሲሆን አየው ነበር። አልገለጥሁም።

ማገጥ ሣርን የሚያለመልመውን ናይትሮጅን ከአየር የሚያገኘው በሥሩ እባጮች ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች ነው። እባጩ በጥፍር ሲፈነዳ ውስጡ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ነው። ሣሩ ድርሻውን በአብዛኛው የሚያገኘው የማገጡ ሥር ሲበሰብስና ላሟ ማገጡን በልታ ስትሸና ነው። ዩሪያው ደግሞ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ ሣሩን አስፈንጥሮ ማገጡን ብርሃን ነሳው። ባለሙያው ይህን አያውቅም ብዬ አላምንም፤ ከሞተር ብስክሌቱ ግን አልወረደም።

በዓመቱ ዩሪያ የምገዛበት ገንዘብ አልነበረኝም። ሣሩ ከዳር እስከ ዳር ገረጣ፤ ማገጡም የለም። የደጋው ማገጥ አብዛኛው ዓመታዊ ነው፤ ዘሩን ካልጣለ በቀጣዩ ክረምት ብዙ አይጠበቅም። አባቴ ማገጡ ዘር ሳይጥል ማጭድ አያነሳም ነበር፤ እኔ ያንን የድሮ ሰው ስንፍና አድርጌ ቆጥሬው ነበር።

ማዳበሪያ የግድ ከሆነ፣ መረሬ በሚባለው ጥቁር ጭቃማ መሬት ላይ ማገጥ የሚራበው ፎስፈረስን ነው። ድርቆሽ በአበባው ይታጨድ የሚባለውን ምክር ሙሉ በሙሉ አልከተልም፤ መኖው እርግጥ የተሻለ ነው፣ እኔ ግን አንዱን ጥግ ዘሩ እስኪረግፍ እተወዋለሁ። የራበውን ከብት በጠዋት ጤዛ ማገጥ ላይ መልቀቅም ሆዱን ያስነፋዋል፤ ቀድሞ ጭድ ይቅመስ።

አምና ዘር የያዘ የማገጥ ድርቆሽ ገዝቼ ላሞቹን አበላሁ። ጠንካራው ዘር ከሆዳቸው ያልፋልና እበቱን ወስጄ በገረጣው መሬት ላይ በተንሁት። ዘንድሮ በስድስት ቦታ ሐምራዊ አበባ ወጥቷል። ከብቶቹን በዚያ በኩል ገና አላሳለፍኋቸውም።