ድርቆሹን ማን ያጭዳል?

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል፤ እኔ ግን አሁንም ኮምፒውተሩ ፊት ነኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ረግጬው የማላውቀውን አገር የቤት ጣሪያ ስስል ቆየሁ። ኦፕንስትሪትማፕ ማንም ሰው ሊያርመው የሚችል ነፃ የዓለም ካርታ ነው፤ ሥራውም ይኸው ነው፦ የሳተላይት ፎቶውን እያየሁ ቤቱን በአራት ጠቅታ እከባለሁ፣ መንገዱን በመስመር እከተላለሁ፣ አስቀምጣለሁ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ የፖርት ኦ ፕሪንስን ካርታ በጥቂት ቀናት የሞሉት በየቤታቸው ቁጭ ያሉ እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። ለእርዳታ የዘመቱትም በዚያ ካርታ ተጠቅመዋል።

የጀመርኩ ሰሞን አንድ ደረቅ የወንዝ መውረጃ መንገድ መስሎኝ ስዬ ነበር። በማግስቱ የማላውቀው ሰው ጻፈልኝ፦ «ጠርዙን ቀረብ ብለው ይዩት፤ መንገድ እንዲህ አይጠማዘዝም፤ ወንዝ ነው። አስተካክዬዋለሁ፤ የቀረው ሥራዎ ጥሩ ነው።» ያንን መልእክት እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። ሰውዬው ሥልጣን ነበረው፤ የሳልኩትን ሊያጠፋ ይችላል። ግን ምክንያቱን ጻፈ፤ የጻፈውም ለማንም በሚታይ መዝገብ ላይ አለ፤ ካልተስማማሁ መከራከር እችላለሁ፤ እኔም ስሠራ ቆይቼ የእሱን ዓይነት ሥራ መሥራት እችላለሁ። ከመንግሥት የምንመኘው ከዚህ የተለየ ምን አለ?

የጋራ ነገር እንዲህ ይጠበቃል ብሎ ሁሉም ግን አያምንም። የሥነ ምህዳር ሊቁ ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ የወል ግጦሽ መጨረሻው ጥፋት ነው ብሎ ነበር፤ አንድ ላም የሚጨምር እረኛ ጥቅሙን ለብቻው ያገኛል፣ ጉዳቱን ግን ሁሉም ይካፈለዋልና። አሜሪካዊቷ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ እረኞች፣ ዓሣ አጥማጆችና የመስኖ ገበሬዎች በእርግጥ የሚያደርጉትን መረመረች፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ባወጡት ደንብ ወላቸውን ሲጠብቁ አገኘች፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤልን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከጠቀሰቻቸው መንደሮች አንዷ በስዊዘርላንድ ተራሮች ላይ ያለችው ቶርበል ናት። እ.ኤ.አ. በ1517 የተጻፈ ደንብ አላት፦ ማንም ሰው በበረዶው ወራት ቀልቦ ሊያሳድር ከሚችለው በላይ ላም ወደ ወሉ ተራራ መስደድ አይችልም። ላሞቹ ወደ ተራራው እንደወጡ ይቆጠራሉ፤ ኋላ አይቡ የሚከፋፈለውም በዚያው ቁጥር ነው።

እንዴት ያለ ደንብ ነው! የምትወስደውን የሚለካው ጉልበትህ ወይም ገንዘብህ አይደለም፤ አጭደህ ያከማቸኸው ድርቆሽ ነው። ደንቡንም ያወጡት ከላም ጋር የሚውሉት ሰዎች ራሳቸው ናቸው።

አሁን ያለንበት ተራራ ሌላ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከተማረባቸው ነገሮች ውስጥ ዊኪፒዲያና በነፃ የተለቀቀ የሶፍትዌር ኮድ ይገኙበታል፤ ብዙውን ሰዎች ያለ ክፍያ፣ ሌሊት ሌሊት የሠሩት ማለት ነው። የዊኪፒዲያ ባለቤት ድርጅት ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2025 እንዳስታወቀው፣ ፎቶና ቪዲዮ ለማውረድ የሚውለው የኢንተርኔት መስመር ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ በ50 ከመቶ ጨምሯል፤ ጭማሪውን በአብዛኛው ያመጡት ምስል የሚለቅሙ ቦቶች (በራሳቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞች) እንጂ አንባቢዎች አይደሉም። ጽሑፍ እንደ ሣር አይደለም፣ ቢወሰድ አያልቅም ይሉኛል። ልክ ነው፣ ጽሑፉ አያልቅም። የሚያልቀው ጽሑፉን የሚያርመውና የሚንከባከበው የጠባቂው ጊዜ ነው። አንባቢው መልሱን ሌላ ቦታ አግኝቶ ወደ ገጹ መምጣት ሲተው፣ ስህተት አይቶ «ላስተካክለው» የሚል አዲስ ሰው ከየት ይመጣል?

ጠባቂ ሲደክም የሚሆነውን እ.ኤ.አ. በማርች 2024 አይተናል። ኤክስዜድ የሚባል ፋይል መጭመቂያ ሊኑክስ በተባለው ነፃ ሥርዓት በሚሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች ውስጥ አለ፤ ይጠብቀው የነበረው በተግባር አንድ የደከመ በጎ ፈቃደኛ ነው። አንድ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ሁለት ዓመት ያህል እያገዘ፣ አመኔታ እያተረፈ ቆይቶ የጓሮ በር፣ ማለትም ሰርጎ መግቢያ የሚሆን ድብቅ ኮድ፣ አስገባበት። የተያዘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት አስተውሎ «ለምን?» ብሎ ስለመረመረ ነው። ግማሽ ሰከንድ! ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነበር፤ ያዳነን ግን ሰው ማየቱ ነው።

ይህን እያወቅሁም ተስፋ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 ታይዋን ውስጥ በስልክ መኪና የሚያስጠራው የኡበር ጉዳይ ታክሲ ነጂውንና ተሳፋሪውን ሲያጨቃጭቅ ሕዝቡ ቪታይዋን በተባለ መድረክ ሐሳቡን ሰጠ። የተጠቀሙበት ሶፍትዌር ሰው ለጻፈው ሐሳብ መልስ መጻፍ አያስችልም፤ እስማማለሁ፣ አልስማማም ወይም ልለፈው ብቻ። መልስ መጻፊያው ሲጠፋ ስድቡም መድረሻ ያጣል። ተቃራኒ ቡድኖች ሳይቀሩ አብረው የተስማሙባቸው ሐሳቦች እየተለዩ ይወጣሉ። ቅር የሚለኝ የመድረኩ ውጤት መንግሥትን በሕግ የማያስገድድ መሆኑ ነው። ሰው ተጠርቶ ይሰማል፣ የሚቆርጠው ሌላ ነው። የቶርበል ሰዎች እኮ አስተያየት አልነበረም የሰጡት፤ ደንብ ነው ያወጡት። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይም ከወሉ የሚወስዱት ምን ድርቆሽ ይዘው ይምጡ የሚለውን ከካርታ ሳዩ፣ ከኮድ ጠባቂው፣ ከአርታዒው ጋር ቁጭ ብለን መጻፍ አለብን። ገንዘብ ይሁን፣ ሰርቨር ይሁን፣ የሰው ጊዜ ይሁን፤ ቆጠራው ግን ላሞቹ ወደ ተራራው እንደወጡ ይጀመር።

መብራቱን ከማጥፋቴ በፊት አንድ ሥራ ቀርቶኛል። አንድ አዲስ ገቢ ትናንት የሳለው መንገድ አለ፤ ጠርዙ እንደ ወንዝ ይጠማዘዛል። ዝም ብዬ ባጠፋው ሁለት ሰከንድ አይፈጅብኝም። መልእክቱን ግን አሁን ሦስተኛ ጊዜ ልጽፍለት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቁጣ ቁጣ አሉብኝ።